ሪትሙን አጥፋው

አዲስ አበባ እያለሁ የሰርግ ኪቦርዲስት ነበርኩ። ስሜ የሚጠራ ዓይነት አልነበርኩም፣ ግን የሰርግ ወቅት ሲሆን ቅዳሜና እሁድ ስራ ፈትቼ አላውቅም። ሰርግ ላይ የሚጫወት ሰው ከሁሉ በፊት የሚማረው አንድ ነገር ነው፤ ዝም አይባልም። ኬክ ሲቆረጥ ከጀርባ የሆነ ነገር ይፈሳል። ሽማግሌ ሲመርቅ ይፈሳል። ሙሽሪት ልብስ ልትቀይር ስትገባ ሪትሙን ትለቀውና በአንድ እጅህ ክትፎህን ትበላለህ። እንግዲህ በዚህ ልምዴ ነው ደብሊን መጥቼ፣ አረጋውያን መጦሪያ ተቀጥሬ፣ የአየርላንድን ስሎው ኤር ልጫወት የተቀመጥኩት። ጉዴን ልንገራችሁ።

የምሰራበት ቤት ሳሎን ውስጥ አንድ ኪቦርድ አለ። ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። ከላይ በኩል ሁለት ድምፆች ሞተዋል፣ ሌላው ደህና ነው። እዚያው ቤት ከደቡብ ምዕራብ፣ ከኬሪ የመጡ አንድ አዛውንት አሉ። በልቤ አባባ ነው የምላቸው። ፊት ለፊት ግን በስማቸው ነው የምጠራቸው፣ አገሩ እንደዚያ ነው፣ እስከ ዛሬም አፌን ይይዘኛል። አፍ የፈቱት በአይሪሽ ነው። እንግሊዝኛ ሲያወሩ የተዋሱትን ዕቃ እንደሚጠቀም ሰው ይጠነቀቃሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት ሻይ ተጠጥቶ ሰው ሁሉ ሲያንቀላፋ፣ አባባ መስኮቱ ስር ቁጭ ብለው የሆነ ዜማ ያንጎራጉራሉ። በጭንቅላቴ ይዤው ሄድኩና ለአንዲት የኬሪ ልጅ ነርስ አንጎራጎርኩላት። ስሙን ነገረችኝ፣ «አውራን ና ልያወር»። ዩትዩብ ላይ በአስር ዓይነት አገኘሁት። ትርጉሙን ግን አልጠየቅኳትም፣ ዜማው በቂ መስሎኝ። ሁለት ሌሊት አጠናሁት።

ስሎው ኤር ምን እንደሆነ ላስረዳ፣ አለበለዚያ ጥፋቴ አይገባችሁም። አየርላንድ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ያንን ወገብ ቀጥ፣ እግር ፈጠን የሚያደርገውን ጭፈራ ነው። ስሎው ኤር፣ ዝግ ያለ ዜማ እንደማለት ነው፣ ከዚያ ጋር አይገናኝም። አይጨፈርበትም፣ አይጨበጨብበትም፣ አንድ ሁለት ሶስት ብሎ የሚቆጥረውም የለም። አንድ ሰው ብቻውን በዋሽንት ወይም በቫዮሊን ወይም በፓይፕ (በወናፍ አየር በሚጮህ ቧንቧ) ይጫወተዋል፣ ቤቱ ጸጥ ይላል። አብዛኞቹ መጀመሪያ ዘፈን ነበሩ። ሻን ኖስ የሚባል አዘፋፈን አለ፣ ቃሉ «የድሮው ወግ» ማለት ነው፣ ያለ ምንም መሳሪያ በአይሪሽ ይዘፈናል። ዘፋኙ ዓይኑን ይጨፍናል። አንዳንዴ አጠገቡ ያለ ሰው እጁን ይይዝለትና ዜማው በሄደ ቁጥር ቀስ እያለ ያዞርለታል። ሲጨርስ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ቃላት አይዘፍናቸውም፣ እንደ ወሬ ይናገራቸዋል። መጀመሪያ ቪዲዮ ላይ ሳይ ዘፋኙ የደከመው መስሎኝ ነበር። ለካ ወጉ ነው። ስሎው ኤር ማለት እንግዲህ ከዚህ ዘፈን ቃሉን አውጥተህ መሳሪያ ላይ የምታስቀምጠው ነው።

ወደ ጉዴ ልመለስ። በሶስተኛው ቀን ተቀመጥኩ። ስትሪንግ የሚለውን፣ የብዙ ቫዮሊን ስብስብ የሚመስለውን ድምፅ መረጥኩ። «ስሎው ዋልዝ» የምትል የጭፈራ ሪትም አለች፣ እሷን ለቀቅኩ። ሪቨርቡን እስከ መጨረሻው አዞርኩት፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለሁ እስኪመስል። ሁለት ሴቶች ከእንቅልፋቸው ነቅተው ፈገግ አሉልኝ። ደስ አለኝ። አባባ ግማሽ ድረስ ታገሱኝ።

«ሪትሙን አጥፋው።»

አጠፋሁት።

«እግርህንም።»

እግሬ መሬት እየመታ እንደሆነ አላወቅኩም ነበር። አቆምኩ። እግሬን ሳቆም ግን እጄም ጠፋው፣ የት እንደምገባ የት እንደምወጣ አላውቅም። አሳዘንኳቸው መሰለኝ ወንበራቸውን ወደ እኔ እንድገፋላቸው ጠየቁኝ።

«ይሄ ሰውዬ ምን እንደጠፋበት ታውቃለህ?»

«ሚስቱ?» አልኳቸው። ዜማው የሚስት ሐዘን ነበር የመሰለኝ።

«መጽሐፎቹ።»

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቶማስ ሩዋ ኦ ሱሊቫን የሚባል የኬሪ ገጣሚና አስተማሪ ነበር፣ በ1785 ተወልዶ በ1848 የሞተ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። «ሩዋ» ቅጽል ነው፣ ጸጉረ ቀይ ማለት ነው። ከደሪናን ወደ ፖርትማጊ ለማስተማር ሲዛወር መጽሐፎቹን በጀልባ ጫናቸው። ጀልባዋ ከአለት ተጋጭታ ሰጠመች። መጻሕፍቱ በሙሉ ባሕር ገቡ። እሱም ተቀምጦ የጠፉትን እያነሳ እያነሳ ዘፈን አወጣላቸው፣ ርዕሱም «የመጻሕፍቱ ዘፈን» ነው። አስቡት፣ የድሃ አገር ድሃ አስተማሪ ነው፣ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመው ነው። አባቴ መጽሐፍ ተውሶት ሳይመልስ የቀረውን ሰውዬ እስከ ዛሬ በስሙና በአባቱ ስም ነው የሚያነሳው። አንድ መጽሐፍ ነው እኮ! እኔ ግን ለቶማስ ሩዋ ዋልዝ ከፈትኩለት።

ከዚያ ቀን በኋላ ሌሎቹ እንዴት እንደሚያደርጉት እየፈለግኩ መስማት ጀመርኩ። ጥፋቱ የኪቦርዱ ይሆን ብዬ ነበር የተነሳሁት። ዘመናዊ መሳሪያ አይችለውም የሚሉ ሰዎች አሉ፣ የአስተያየት መስጫው ስር ሲሳደቡ ታገኟቸዋላችሁ። ታሪኩን ስታዩት ግን «ዘመናዊ» የሚለው ቃል ራሱ መያዣ የለውም። ያ ወፍራም፣ ጭጋግ የመሰለ ድምፅ ያለው ሎው ዊስል የሚባል ዋሽንት አለ፣ ስትሰሙት ሺህ ዓመት የቆየ ይመስላችኋል። የአሁኑ መልኩ ግን የመጣው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ፊንባር ፉሪ የሚባለው ሙዚቀኛ የሕንድ የቀርከሃ ዋሽንቱ ተሰበረበት፣ በርናርድ ኦቨርተን የሚባል እንግሊዛዊ ከአሉሚኒየም ቱቦ ሰራለት። በቃ። ቡዙኪ የሚባለው አንገተ ረጅም ባለ አውታር መሳሪያም ቢሆን ከግሪክ የገባው በ1960ዎቹ ነው። ዛሬ ያለ እሱ የአየርላንድ ባንድ ስታዩ የሆነ ነገር የጎደለ ይመስላችኋል።

ፒያኖውማ ከሁሉም ይቀድማል። ይሄን ሳነብ ከመቀመጫዬ ነው የተነሳሁት። በ1792 ቤልፋስት ላይ የበገና ደርዳሪዎች ጉባኤ ተደረገ (በገና የምለው ሃርፑን ነው፣ የእኛው አይደለም)። አስር አየርላንዳውያንና አንድ የዌልስ ሰው መጡ። አብዛኞቹ ሽማግሌዎች፣ ብዙዎቹ ዓይነ ስውር። ከመካከላቸው ዴኒስ ሄምፕሰን ወደ 97 ዓመት ገደማ ነበሩ፣ የብረት አውታሩን በጥፍራቸው የሚመቱት እሳቸው ብቻ ቀርተው ነበር። ዜማው ከሰዎቹ ጋር እንዳይጠፋ እንዲጽፍ የተቀጠረው ደግሞ ኤድዋርድ በንቲንግ ነው፣ የ19 ዓመት ኦርጋን ተጫዋች። ጻፈ። በ1796 አሳተመው። ያሳተመው ግን ለፒያኖ አስተካክሎ ነው፣ ያለ ቃሉ! ማለትም ይሄን ዜማ ወስዶ ለባለ ቁልፍ መሳሪያ ያለ ግጥም ያቀረበ ወጣት ከእኔ በፊት ከ200 ዓመት በላይ ቀድሞ ነበር። እሱም በኋላ ነገሩ ገባው መሰለኝ፣ በ1802 ፓትሪክ ሊንች የሚባል አስተማሪ ወደ ምዕራብ ተልኮ ቃላቱን ከሰው አፍ እንዲለቅም ተደረገ። ዜማው መጀመሪያ፣ ቃሉ በስንት ዓመቱ። ቃሉን ጥሎ የመጣ ዜማ ደግሞ ማንም ያገባዋል። «ዳኒ ቦይ» የምትሉት ዜማ በ1855 ሲታተም ስምም ግጥምም አልነበረውም። በ1913 አንድ እንግሊዛዊ ጠበቃ የራሱን ቃል አለበሰው፣ ዓለም የሚያውቀውም በዚያ ነው።

እሺ፣ ታዲያ በዘመናዊ መሳሪያ ተሳካላቸው የምላቸው እነማን ናቸው? አቀናባሪውን ሾን ኦ ሪያዳን አስቀድማለሁ። በ1959 «ሚሻ ኤራ» ለሚባል ዶክመንተሪ ፊልም የድሮ ዜማዎችን በሙሉ ኦርኬስትራ ሰራ። ከእነሱ ውስጥ «ሮሺን ዱቭ» አለ፣ ትንሿ ጥቁር ጽጌረዳ ማለት ነው። ሰሙ ለአንዲት ሴት የተዘፈነ የፍቅር ዘፈን ነው፣ ወርቁ አገሪቱ ናት። ይሄን ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ኦርኬስትራው ላይ አንድም ቃል የለም፣ ሆርን የሚባለው ጥሩንባ ዜማውን ይዞ ሲነሳ ግን ሲኒማ ቤት የተቀመጠው ሰው ወርቁን ያውቀዋል። ቃሉን ሰሚው ይዞት ነው የመጣው። ለዚህ ነው ያ ሁሉ የመሳሪያ መዓት ዜማውን ያላፈነው።

ኦ ሪያዳ በ40 ዓመቱ በ1971 ሞተ። ከመሞቱ በፊት ደግሞ ብቻውን በሃርፕሲኮርድ የቀዳው ሥራ አለ። ሃርፕሲኮርድ የፒያኖ ታላቅ ዘመድ ነው፣ አውታሩን አይመታም፣ ቆንጥጦ ይለቀዋል፣ ድምፁም ቶሎ ይሞታል። ለምን እሱን መረጠ? የእነ ሄምፕሰንን የብረት አውታር የሚያስታውሰው ድምፅ እሱ ነው ብሎ ስላመነ። መጀመሪያ ስሰማው አልወደድኩትም፣ ማንኪያ መሳቢያ ውስጥ የሚንኳኳ ነው የመሰለኝ። አሁን ማታ ማታ እሱን ነው የምሰማው። ድምፁ ቶሎ ስለሚሞት መካከሉ ላይ ባዶ ቦታ ይተርፋል፣ ባዶው ቦታ ደግሞ ትንፋሽ ነው።

የኪቦርድ ተጫዋች ችግር እዚህ ጋ ነው። ሁለት ነገር ያጣላናል። አንደኛው፣ ዘፋኙ በሁለት ድምፆች መካከል የሚንሸራተትበት፣ ሶስተኛዋንና ሰባተኛዋን ድምፅ ወይ ከፍ ወይ ዝቅ ሳያደርግ መካከል ላይ የሚያንጠለጥልበት ቦታ አለ። ማሲንቆ ይችለዋል፣ ኪቦርድ ግን ወይ ነጩ ነው ወይ ጥቁሩ። በግራ በኩል ያለችውን ፒች ቤንድ የምትባል ጎማ ይዤ ሞከርኩ። አባባ ሳቁ፣ የታመመች ላም ድምፅ ነው አሉኝ። ሁለተኛው ደግሞ ስትሪንግ የሚባለው ድምፅ ጣትህን እስክታነሳ አያልቅም። ትንፋሽ የሌለው ሰው ነው። የሰርግ ልጅ ደግሞ ጣቱን ማንሳት አይወድም።

ፓይፕ የሚጫወቱት ይሄን የፈቱበት መንገድ ደስ ይለኛል። ኢለን ፓይፕስ የሚባለው የአየርላንዱ ፓይፕ በአፍ አይነፋም። ክንድ ስር ያለች ወናፍ ናት አየሩን የምትሰጠው፣ «ኢለን» የሚለው ቃልም ክርን ማለት ነው። ስለዚህ እሱም እንደ ኪቦርድ ማለቂያ የለውም፣ ሲያሰኘው ቀኑን ሙሉ ያላዝናል። ተጫዋቹ ግን ተቀምጦ ነው የሚጫወተው፣ የዜማውን ቧንቧ ጫፍ ጭኑ ላይ ሲጫነው ድምፁ ድርግም ይላል። ጭኑ ላይ ነው የሚተነፍሰው! ይባስ ብሎ አንጓው ስር ደግሞ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) የሚሰጡ ቁልፎች አሉለት። የሰርግ ኪቦርድ ማለት ነው፣ በቆዳና በእንጨት የተሰራ። «ታይታኒክ» ፊልም ላይ የሰማችሁት ፓይፕ ይሄው ነው። «ብሬቭሃርት» ላይም እንዲሁ፣ ታሪኩ የስኮትላንድ ሆኖ ሳለ የተነፋው የአየርላንዱ ነው።

በ1981 የተነሳው ሙቪንግ ሃርትስ የሚባል ባንድ ከዚህ ፓይፕ ጎን ሳክስፎን፣ ኤሌክትሪክ ጊታርና ድራም አስቀመጠ። ዴቪ ስፒላን ነበር ፓይፑን የያዘው። አንዳንዱ ሥራቸው ዛሬ ሲሰማ ዘመኑ ያለፈበት የ1980ዎቹ ሶፋ ይመስላል፣ ግን ዴቪ ሲገባ ከበሮው ራሱ ወደ ኋላ ይላል። ሳክስፎን እንደዚህ ማልቀስ እንደሚችል ደግሞ ጌታቸው መኩሪያን የሰማ ሐበሻ ማንም ሊነግረው አይገባም።

የልቤ ግን ዘ ግሎሚንግ የሚባሉት ባንድ ናቸው። በ2011 አምስት ሆነው ተሰባሰቡ፣ የመጀመሪያ አልበማቸው በ2014 ወጣ። ፒያኖው የቶማስ ባርትሌት ነው፣ የኒውዮርክ ሰው። ጊታሩ የዴኒስ ካሂል ነበር፣ የቺካጎ ሰው፣ በ2022 አረፈ። ማርቲን ሄይስ ቫዮሊን ይዟል። ክዊቪን ኦ ራሊ የሚጫወተው ከኖርዌይ ወግ የመጣ ቫዮሊን ነው፣ አምስት አውታር ከላይ ይመታል፣ አምስት ከስር ሳይነካ በራሱ ይንቀጠቀጣል። አስር አውታር ሲባል ጆሮዬ ወደ በገናችን ሄደ፣ ያ ከስር የሚነዝረው ነገርም ትንሽ ይመስለዋል። ኢርላ ኦ ሊናርድ ይዘፍናል። ልጅ ሆኖ ኦ ሪያዳ ባቋቋመው የመንደር መዘምራን ውስጥ ነበር።

ባርትሌትን ቪዲዮ ላይ እዩት። በአንድ እጁ ቁልፉን ይመታል፣ ሌላውን እጁን ፒያኖው ሆድ ውስጥ ያስገባና አውታሩን ያፍነዋል። ድምፁ ተወልዶ ሳያድግ ይቀራል። ካሂል ደግሞ ስንት ኮርድ የሚያውቅ ጊታሪስት አንዳንዴ ሁለት ድምፅ ብቻ ያስቀምጥና ይጠብቃል። የሰርግ ባንድ ውስጥ ቢሆን ሂሳቡን አንከፍለውም ነበር። ኢርላ ሲዘፍን ሁለቱም ዓይናቸው አፉ ላይ ነው። እኔ ኮርዱን ነበር የምፈልገው፣ እነሱ ክፍለ ቃሉን ነው የሚጠብቁት።

የሚያናድደኝ ደግሞ ሌላው ወገን ነው። «ሴልቲክ መዝናኛ» ምናምን ብለው ሶስት ሰዓት የሚረዝም ቪዲዮ ይለቃሉ፣ ምስሉ ላይ ጭጋግና ጫካ፣ ድምፁ ላይ ፓድ (ሳይቋረጥ ከኋላ የሚፈስ የኪቦርድ ድምፅ) እና ሪቨርብ። ማሳጅ ቤት ውስጥ የሚከፈት ነገር። እውነተኛ ስሎው ኤር ወስደው ፍራሽ ያነጥፉበታል። በጣም ደስ የሚለኝ ዜማ «ፖርት ና ቡኪ» ነው፣ የመናፍስቱ ዜማ፣ ከኬሪ ዳርቻ ካሉት ከብላስኬት ደሴቶች የመጣ። የደሴቱ ሰዎች ሌሊት ከባሕሩ የሰሙት ነው ይባላል። ጀልባዎቻቸው በቀጭን እንጨት ላይ የተወጠረ ሬንጅ የተቀባ ሸራ ናቸው፣ እንደ ከበሮ ማለት ነው፣ ስለዚህ የሰሙት ከስር የሚያልፍ የዓሣ ነባሪ ድምፅ ይሆናል የሚሉ አሉ። የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎች ከታላቁ ብላስኬት በ1953 ወጥተዋል። ይሄን ሁሉ የተሸከመ ዜማ ላይ አንዱ የዝናብ ድምፅ ጨምሮበት «ለእንቅልፍ» ብሎ ለጥፎታል። ሰዎቹ እኮ የፈሩት ነገር ነው!

እኔስ ከማን ተሻልኩ፣ ዋልዝ ከፍቼ።

ባለፈው ሳምንት ደግሜ ተቀመጥኩ። ፒያኖ የሚለውን ድምፅ ብቻ መረጥኩ፣ ሪቨርቡን ዜሮ አደረግኩት። የግራ እጄ ጭኔ ላይ ነው። አባባ በቀደም ዕለት ግጥሙን ቀስ እያሉ አንብበውልኝ ነበር፣ ቃሉ ባይገባኝም የት እንደሚያርፉ በእርሳስ ምልክት አድርጌያለሁ። በአንድ ጣት ነው የጀመርኩት። አንድ ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ ከላይ ያለችው የሞተችዋ ድምፅ ላይ ወደቅኩና ቃ ብቻ አለች። እግሬን ከወንበሩ እግር ጋር አቆላልፌዋለሁ።

አባባ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁና ጣቴ እሱን መከተል ጀመረ፣ ሲረዝሙ እረዝማለሁ፣ ሲውጡት እውጠዋለሁ። መጨረሻው ላይ ስንደርስ ድምፃቸውን አወጡ። አልዘፈኑትም፣ የመጨረሻዎቹን ቃላት እንደ ወሬ ተናገሯቸው፣ ለጎረቤት እንደሚነገር ነገር።

የመጨረሻዋን ድምፅ ልመታት ጣቴን አዘጋጅቼ ነበር። ተውኳት። የእራት ጋሪው በኮሪደሩ እየተንኳኳ መጣ።